ስፓስቲሲቲ ምንድን ነው? የደረቀ ጅማት ነው ያለው ማነው?

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ ፎቶ በወጣ ቁጥር «ጅማቱ ደርቆ ነው፤ ጎበዝ ወጌሻ በደንብ ይሳብለት» የሚል አስተያየት አይጠፋም። መካሪው ክፋት የለበትም፤ ምክሩ ግን አለበት። ስፓስቲሲቲ የጅማት ድርቀት አይደለም። አንጎል ጡንቻን «ላላ» የሚልበት መንገድ ተጎድቶ፣ ጡንቻው በድንገት ሲወጠር ራሱ መልሶ የሚኮማተርበት ሁኔታ ነው። «በድንገት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

የመኪና ቀበቶን አስቡ። ቀስ ብለው ሲስቡት ይመጣል፤ ነጠቅ ሲያደርጉት ቀጥ ይላል። የተናደደ ሰው ደጋግሞ ቢነጥቀው ይባስ ይቆለፋል። ሱሪ ሲለብስ እግሩ እንደ መቀስ የሚጠላለፍ ልጅም እንዲሁ ነው። ቁርጭምጭሚቱን ይዛችሁ አትክፈቱት። መጀመሪያ ዳሌውንና ጉልበቱን እጠፉ፤ ከዚያ ጭኖቹን ከጉልበት በላይ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ለያዩ። የተጨበጠ እጅም ጣት በመጎተት አይከፈትም፦ አንጓውን ወደ መዳፉ በኩል ስታጥፉት ጣቶቹ ይላላሉ፤ ያኔ አውራ ጣቱን ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ይዛችሁ ታወጣላችሁ።

ቀበቶው እስከዚህ ነው የሚያዛልቀን። ቀበቶ ተጠቅልሎ ቢከርም አያጥርም፣ ጡንቻ ግን ያጥራል። ቀስ ተብሎ ሲሳብም የማይመጣው ያ ነው፤ ስሙም ኮንትራክቸር ነው። ሁለቱን የሚያደባልቁ ባለሙያዎችም አሉ። ጡንቻው እንዳያጥር፣ በቀን አምስት ደቂቃ ከመወጠር ይልቅ ቀሪውን ሰዓት ልጁ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚተኛ ይበልጥ ይወስናል። ቁርጭምጭሚት ስትወጥሩ ጉልበቱን ዘርጉ፣ ተረከዙን በመዳፋችሁ ጨብጡ፣ ውስጥ እግሩን በክንዳችሁ ደግፉና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ገፍታችሁ 30 ሰከንድ ያህል ያዙ። ጣቶቹን ብቻ ከገፋችሁ የሚለጠጠው የእግሩ መሐል ነው፤ የተረከዙ ጅማት እንዳጠረ ይቀራል፣ እግሩም ከሥር ይጎብጣል።

ስለ ወጌሻው፦ ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው። በጉልበት ሲሳብ «ቋ» ያለው ነገር የተፈታ ጅማት ሳይሆን የተሰበረ ጭን ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሁሉም መገተር ስፓስቲሲቲ አይደለም። ማንም ሳይነካው፣ ሲደሰት ወይም ሊናገር ሲል የሚጠማዘዝ ልጅ ዲስቶኒያ ሊኖርበት ይችላል፤ መድኃኒቱም ሊለይ ይችላል። በሳምንት ውስጥ ድንገት የባሰ መገተር ካያችሁ ደግሞ ከጡንቻው በፊት ጥርሱን፣ የሆድ ድርቀትን፣ ሽንቱን፣ የጠበበ ጫማን መርምሩ፤ ሕመም መገተርን ያባብሳል። ጡንቻን የሚያላላውን ባክሎፌን የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱ ሳያልቅበት ይገዛለት፤ በድንገት ከተቋረጠ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል።

ጭኖቹ የሚጠላለፉበት ልጅ ባያመውም የዳሌ ራጅ በየጊዜው ይነሳ። ዳሌ ቀስ በቀስ፣ ምንም ሳያሳምም ሊወልቅ ይችላል።