ባለ አንድ ክፍል ፊልም፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአዲስ አበባ እምብርት

ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች መካከል ለአዲስ አበባ ባለሙያዎች አቅም የሚቀርበው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ነው። መንኮራኩር አይፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ተዋንያንና ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ድምፅ ይበቁታል። መሠረቱም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈተና ጠያቂውን ለብቻው አስቀምጦ ከማያየው መላሽ ጋር በጽሑፍ ያገናኘዋል፤ ሰው ይሁን ማሽን የሚለየው ከመልሱ ብቻ ነው። ይህ ራሱ ያለቀለት ትዕይንት ነው።

የመሀል ከተማው ሕንፃዎች ዲኮር ከመሥራት ያድናሉ። ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው፣ አንሪ ሾሜ የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ፣ ፒያሳ አናት ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤት፦ ሁሉም ነገን እያሰቡ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ካሜራ ፊት ነገን ይመስላሉ። አስቸጋሪው ድምፅ ነው። ማሽኑ የሚኖረው በድምፁ ስለሆነ የወያላው ጥሪና የመኪናው ጡሩምባ ሲገባበት ገጸ ባሕርዩ ይሞታል። ስለዚህ ድምፁን ለብቻ፣ ሌሊት መቅዳት ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ቋንቋው ነው። አማርኛ ሰውን «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ሳይል አያናግርም። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጣችው ሮቦት ሶፊያ፣ የከተማችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች በሶፍትዌሯ የተሳተፉባት፣ ፊትና ስም ስላላት «አንቺ» ማለት አያስቸግርም። ፊት የሌለውን ድምፅስ? ማሽኑ ስለ ራሱ ሲናገር «አስባለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ቃሉ ወንድም ሴትም አይደለም። መወሰን ያለበት የሚያናግረው ሰው ነው፤ «ምን ታስባለህ?» ባለ ቅጽበት ማሽኑን ወንድ አድርጎታል፣ ከራሱ ጋርም አስተካክሎታል። የፊልሙን ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅቷ «አንተ» የምትለውን ድምፅ አያቷ «እርስዎ» ካሉት፣ አንዱ ማሽን በአንድ ቤት ሁለት ገጸ ባሕርይ ይሆናል።

በግልባጩም ይሠራል። ባለቤቱን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ «እርስዎ» ሲል የቆየ ድምፅ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በዚያው ለስላሳ ቃና፣ «ተቀመጥ» ይለዋል።