ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ክርክር ሲሰለች ነው። አንዱ ያስረዳል፣ ደግሞ ያስረዳል። ሌላው ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ አስረጂው እጁን ያራግፍና «ተወው ባክህ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ይነሳል። አንዳንዱ ገልብጦ «ወረቀትና ሞኝ» ይላል፤ ያው ነው። ለእኩያ ይባላል፣ በሌለበትም ይባላል። ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት አይወረወርም።

ቅመሙ ያለው «አይለቅም» ላይ ነው። እጅ የጨበጠውን ይለቃል። ጨርቅም ቀለም ይለቃል። ነጭ ሸሚዝ ከቀይ ሹራብ ጋር ዘፍዝፎ ጉድ የሆነ ሰው ይህን አይስተውም። «መያዝ»ም እንደዚያው ነው። ወረቀት ቀለም ይይዛል፣ ሞኝ ነገር ይይዛል። አባባሉ ሁለቱን በአንድ ግሥ ጠፍሮ ያስራቸዋል። ሞኙ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ታጥቦ ይለቅ ነበር። ወረቀት ግን ቢያጥቡት ራሱ ይበጣጠሳል እንጂ የተጻፈበትን አይመልስም።

ከየት መጣ ለሚለው፣ እኔን የሚስበኝ «ብራና» አለማለቱ ነው። ጸሐፊዎቻችን ለዘመናት የጻፉት በቆዳ ላይ ነው። ብራና ደግሞ ይቅር ባይ ነው። ጸሐፊው ሲሳሳት ቀለሙን በስለት ፍቆ እንደገና ይጽፍበታል። ወረቀት ላይ እንዲህ ቢሞክሩት ይቀደዳል። ስለዚህ አባባሉ የተወለደው ወረቀት በደብዳቤና በውል መልክ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ይመስለኛል፤ «ይኸው ፈርመሃል» ተብሎ ዳኛ ፊት መቆም ሲመጣ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚልም አለን። እዚያ ወረቀት የተመሰገነው በዚያው ባለመልቀቁ ነው። አንዱ ጋ ሙገሳ፣ ሌላው ጋ ስድብ።

ሞኝነትና ወረቀት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አይጣል ነው። የመሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ ጥበቃ ስምህን ዝርዝሩ ላይ ሲያጣው አይተኸዋል? ኃላፊው ራሱ ወጥቶ «የኔ እንግዳ ነው» ቢለው እንኳ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ አንተን ያያል።

ሞኝ ማለት የግድ ጅል ማለት አይደለም። እናት ልጇን «የኔ ሞኝ» ስትለው እየሰደበችው አይደለም። የዚህ አባባል ሞኝ የያዘው ነገርም ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። እውነት ይዞም ሞኝ መሆን ይቻላል። ይህን ያየሁት የካፒቴን ልዑል አባተን ታሪክ ሳነብ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767፣ የበረራ ቁጥር 961፣ 175 ሰው ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ከዚያ ብራዛቪል፣ ሌጎስና አቢጃን ይቀሩታል። ካፒቴን ልዑል ያኔ 42 ዓመታቸው ነው። ከ11,500 ሰዓት በላይ በረዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው በሰላም ተርፈዋል። ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ናቸው።

ናይሮቢ ሳይደርሱ ሦስት ወጣቶች ተነሱ። ከአውሮፕላኑ ላይ ባነሱት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ እያስፈራሩ ኮክፒት፣ አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ገቡ። ረዳት አብራሪውን ደብድበው አስወጡ። ቦምብ ነው ያሉት ነገር በኋላ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። የሚሉት አንድ ነው፦ አውስትራሊያ ውሰደን።

ካፒቴኑ ነዳጁ እንደማይበቃ ነገሯቸው። የተቀዳው ለናይሮቢ ነው፣ ከትንሽ መጠባበቂያ ጋር። አውስትራሊያ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ናት። ወርደን እንቅዳ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

ወረቀቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠላፊዎቹ አየር መንገዱ ለተሳፋሪ የሚያዘጋጀውን መጽሔት ይዘው ተከራከሩ። መጽሔቱ 767 ለ11 ሰዓት ያህል መብረር ይችላል ይላል። በቃ፣ ተጽፏል!

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ታንከሩ ሞልቶ ከተነሳ ይችላል። መጽሔቱ የሚያወራው ግን ስለ 767 ነው፤ ስለዚያ ቅዳሜ ነዳጅ አይደለም። የቅዳሜውን ነዳጅ የሚናገረው ኮክፒቱ ውስጥ ያለው ጌጅ ነበር። ጌጁ በየደቂቃው ይቀንሳል። መጽሔቱ ላይ ያለው 11 ግን 11 እንደሆነ ነው። ወረቀት አይደል?

ካፒቴኑ ክርክሩ እንደማያዋጣ ገባቸው። የአፍሪካን ጠረፍ ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ መሬቱ ከዓይናቸው አለመጥፋቱን ሲያዩ ነቁ፤ ወደ ምሥራቅ እንዲያዞሩ አስገደዷቸው። አዞሩ። በሆዳቸው ግን የኮሞሮስን ደሴቶች ይዘው ነበር። ለእኔ የሙያቸው ጥግ የታየው እዚህ ላይ ነው። ማሳመን ያልተቻለውን ሰው ትተው አውሮፕላኑን ሰው ወዳለበት መሬት ማስጠጋት ያዙ።

አራት ሰዓት ሳይበሩ የቀኙ ሞተር ጠፋ። የጠላፊዎቹ መሪ ከጓደኞቹ ጋር ሊመካከር ወጣ አለ። ካፒቴኑ ማይኩን አንስተው ነዳጅ ማለቁን፣ አወራረዱ አደጋ ያለው እንደሚሆን ለተሳፋሪው ነገሩ። ቀጥሎ ግራውም ጠፋ። ያን ያህል አውሮፕላን ያለ ሞተር ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ነፋስ የሚያሽከረክራት ትንሽ ተርባይን ከሆዱ ትወጣለች። ለመሪው ኃይል ትሰጣለች፣ ፍጥነት የሚያበርዱትን የክንፍ ተዘርጊዎች፣ ፍላፖቹን፣ ለመዘርጋት ግን አትበቃም።

መጀመሪያ ያሰቡት ከደሴቶቹ የአንዷን አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከጠላፊው ጋር በተፈጠረው ግብግብ መንገዱ ጠፋባቸው። ያንን ለቀቁት። ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ ከአንድ ትልቅ የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው 500 ሜትር ገደማ ላይ። ዮናስም ወደ ኮክፒት ተመልሰው ጠላፊዎቹን ይታገሉላቸው ነበር።

የዚያን ቅጽበት ፊልም ብዙዎቻችን አይተነዋል። የቀረጹት ለጫጉላ ሽርሽር የመጡ ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ለቱሪስት የሚቀርብ የአየር ላይ ትርዒት መስሏቸው ነው ካሜራ ያነሱት። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ ይመጣል። ግራው ክንፍ ቀድሞ ውሃ ይነካል። ከዚያ ሁሉም ነገር አረፋ ይሆናል።

ዋናተኞችና ቱሪስቶች በጀልባ ደረሱ። 50 ሰው ተረፈ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ከተረፉት መካከል ናቸው። ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125 ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከሟቾቹ አንዱ ነው። ካፒቴን ልዑል በኋላ ለበረራ ደኅንነት የሚሠራውን የፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽንን የሙያ ሽልማት ተሸለሙ።

አንድ ነገር ግን አይወጣልኝም። ከሞቱት ብዙዎቹ ግጭቱን ተርፈውት ነበር። ተንሳፋፊ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውታል። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፋቸው፤ ጠልቀው መውጫ መፈለግ አልቻሉም። ካፒቴኑ ውስጥ እንዳትነፉ ብለው ነበር። ያልሰማ አለ፣ ሰምቶ ያልገባው አለ። እነዚያን ሞኝ ማለት ነውር ነው። በዚያ ጭንቅ ማን ቢሆን ያደርገዋል።

መቀመጫ ኪስ ውስጥ የሚቀመጠው ግን መጽሔት ብቻ አይደለም። ያቺ በሥዕል የተሞላች ጠንካራ ካርድም አብራው አለች፤ ጃኬቱን ስትወጣ ንፋው የምትለው። አብዛኞቻችን መጽሔቱን እናወጣና እሷን እዚያው እንተዋታለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።