ሐዋሳና ዙሪያዋ የዱር አበባ ፎቶ ማንሳት

ሐዋሳ ላይ የአበባ ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በየመንገዱና በየሆቴሉ የተተከለው ቡጌንቪሊያና ጃካራንዳ ነው፣ ሙሽራውም ተመራቂውም እዛ ስር ቆሞ ነው የሚነሳው፣ ሁለቱም ያምራሉ ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጡና ሰው የተከላቸው ናቸው። የዱር አበባ ፎቶ ሌላ ነው፤ ማንም ሳይተክለው ሳያጠጣው በቅሎ ያበበን ተክል ሳይቀጥፉት፣ እዛው በበቀለበት ቦታ እንዳለ ማንሳት ማለት ነው። ለዚህ ደሞ ሐዋሳን የመሰለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል፣ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላለች የሐይቅ ዳር ተክል አላት፣ የግራር መሬት አላት፣ ትንሽ ወደ ምስራቅ ሲኬድ ደሞ የወንዶ ገነት ተራራና ደኑ አለ።

ሐይቁ ጋ በጠዋት ነው መሄድ ያለብን። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚያብበው የውሃ አበባ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ በዛ ላይ ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባውም አበባውም አይረጋም። ውሃው የሰማዩን ብርሃን እያንጸባረቀ ሲያስቸግር ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ፊልተር ማድረግ ይረዳል፣ የቅጠሉ ትክክለኛ አረንጓዴም ያኔ ይወጣል። ፊላና ቄጠማ ውስጥ ብቻን መግባት ግን አይገባም፣ ሐይቁ ጉማሬ አለው፣ ቦታውን ከሚያውቅ ባለጀልባ ጋር ነው የሚኬደው።

ታቦር ተራራ ላይ፣ በከተማው ዳር ዳርና አጥር ስር ያለውን ተክል ሰው ንቆት ያልፋል፣ ለኔ ግን ትልቁ ሀብት እሱ ነው። እምቧይን ሁሉም የሚያውቀው በቢጫ ፍሬው ነው፣ አበባው ግን ሐምራዊ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ነው፣ አቀርቅሮ ስለሚያብብ ከስር ካልተነሳ መልኩ አይታይም። አስጠናግር ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባውን የሚከፍተው ወደ ማታ ነው፣ ተክሉ መርዛማ ስለሆነ ነክቶ አይንን ማሸት አደገኛ ነው፣ የአይን ብሌንን ያሰፋል፣ እጅ መታጠብ ግድ ነው። የወፍ ቆሎ ደሞ አንድ እቅፍ ላይ ቢጫም ብርቱካናማም ሮዝም አለው ምክንያቱም አበባዎቹ እያረጁ ሲሄዱ ቀለም ይቀይራሉ፤ እሱም ከአሜሪካ ምድር መጥቶ በራሱ የተስፋፋ ወራሪ ነው፣ ስለዚ ዱር የበቀለ ሁሉ አገር በቀል አይደለም ማለት ነው፣ ፎቶው ስር ሲጻፍ ይሄ ልዩነት ቢጠቀስ ጥሩ ነው።

መስከረም ላይ አደይ አበባ ይመጣል። አንድ አበባ የሚመስለው ነገር እኮ የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው፣ መሃል ያሉት ከዳር ወደ ውስጥ ተራ በተራ ይከፈታሉ፣ ቀረብ ብሎ በማክሮ (ትንሽ ነገር አጉልቶ በሚያነሳ ሌንስ) ሲነሳ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቢጫና ቀይ ቀለም ካሜራው ላይ ቶሎ ስለሚቃጠል ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የአበባው መስመር ሁሉ ጠፍቶ ቢጫ ጠብታ ብቻ ይቀራል። በበጋ ቆርች አለ፣ ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ የሚሞላው፣ አንዱ ዝርያው ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር አይገኝም። ወንዶ ገነት አካባቢ ውሃ ዳር ጥላ ውስጥ ደሞ እንሶስላ ይፈለጋል፣ ሴቶች እጅና እግር የሚያቀልሙበት ስሩን እንጂ አበባውን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው፣ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ጭረት አለው። እዛ ጨለም ስለሚል ፍላሽ ከማብራት ትራይፖድ ወይ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ማንሳት ይሻላል፣ ፍላሽ ያንን ነጭ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ብርሃንን በተመለከተ ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ እኩለ ቀን ላይ ጸሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ጥላው ጥቁር ይሆናል። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዛ ከ10 ሰዓት በኋላ ይመረጣል፣ ደመና ያለበት ቀን ደሞ ቀኑን ሙሉ ይሰራል። ጸሐይ ላይ ግድ ከሆነ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ የሚይዝ ጓደኛ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ካሜራ ያለው የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) ከኤፍ 8 እስከ 11 ቢያደርግ አበባው ሙሉ ፎከስ ውስጥ የመግባት እድሉ ይጨምራል፣ ለነፋስ ሹተሩን ወደ 1/250 ሰከንድ ወይ ከዛ በላይ ማፍጠን። ሞባይልም በቂ ነው፣ ብቻ በጣም ሲጠጋ ፎከስ ስለሚያጣ ትንሽ ራቅ ብሎ ዙም ማድረግ። ባክግራውንዱ ካላማረ ሣሩን ከመንቀል ራስን ማንቀሳቀስ፣ መንበርከክ፣ አስፈላጊ ከሆነም መተኛት።

የሚያምረው አንድ ፎቶ ለብቻው ተክሉን አያሳውቅም። ሙሉ ተክሉ፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ ግንዱ፣ አበባው ከጎን፣ ፍሬ ካለው ፍሬው፣ አጠገቡ ለመጠን ሳንቲም ተቀምጦ ከተነሳ ግን አንድ የዕጽዋት ባለሙያ ስሙን ሊነግርህ ይችላል። በአገራችን 6,000 የሚጠጋ የተክል ዝርያ አለ፣ ከ10 አንዱ ገደማ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ የሚገኝ ነው፣ ስለዚ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶ ለባለሙያዎቹም ይጠቅማል። በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ያለው አይናቹራሊስት (ሰው ያየውን ተክልና እንስሳ ፎቶ የሚያጋራበት ድረ ገጽና አፕ) ላይ መጫን ይቻላል፣ አፑ ራሱ የሚሰጠውን ስም ግን እንዳለ አለማመን ነው፣ በተለይ ቢጫ አበቦችን ያምታታል። ብርቅ ተክል ከሆነ ደሞ ትክክለኛ ቦታውን ለሁሉም አለማሳየት፣ ነቅሎ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም።

ብዙው ተክል የሰው ማሳና አጥር ዳር ስለሆነ ካሜራ ከመውጣቱ በፊት እናቴ፣ አባቴ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ ነው። ብዙ ጊዜ ባለቤቶቹ ተክሉ በሲዳምኛ ምን እንደሚባልና ለምን እንደሚሆን ይናገራሉ፣ ያም ከፎቶው ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።