ታላላቅ የፖለቲካ መሪዎች ለምን ብርቅ ሆኑ?

ረጅም ዘመን የገዛ ወይም ጦርነት ያሸነፈ ሁሉ ታላቅ መሪ አይባልም። ታላቅ የሚባለው ሕዝብ «አይሆንም» ብሎ የተወውን ነገር እንዲሞክር የሚያደፋፍር፣ ይህን ሲያደርግም አገሩን የግል ርስቱ የማያደርግ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚጠፋ የሞ ኢብራሂም ሽልማት ታሪክ ያሳያል። ሽልማቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ በምርጫ ሥልጣን ይዘው በሕገ መንግሥቱ የተወሰነላቸውን ዘመን ሲጨርሱ ለወረዱና በአመራራቸው ለተመሰገኑ የአፍሪካ መሪዎች 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ነው። ለኔልሰን ማንዴላ ከተሰጠው የክብር ሽልማት ሌላ፣ እስከ 2020 ድረስ የተገኙት ተሸላሚዎች ስድስት ብቻ ናቸው። በቀሩት ዓመታት ገንዘቡ ነበረ፤ ሰው ግን ጠፋ።

አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። ዊንስተን ቸርችል 1930ዎቹን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሹመት፣ በገዛ ፓርቲያቸው ሳይቀር ገሸሽ ተደርገው ነው ያሳለፉት። በ1940 ጦርነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ባያበቃቸው ኖሮ፣ ዛሬ የሚነሱት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ፖለቲከኛነታቸው በሆነ ነበር። ደግሞም በሂትለር ፊት የጸኑት እኒሁ ሰው የሕንድን ነፃነት አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ታላቅነት በሁሉም በኩል አይሞላም።

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። ሥልጣን ላይ የሚያወጣው ጠባይና ሥልጣን የሚያስለቅቀው ጠባይ በአንድ ሰው ላይ እምብዛም አይገናኙም። ጆርጅ ዋሽንግተን ሦስተኛ ዘመን አልፈልግም ብለው በ1797 ወረዱ። ከ27 ዓመት እስር በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ማንዴላም አንድ ዘመን ብቻ አገልግለው በ1999 ተሰናበቱ።

መሪ ሕዝብን እንዴት እንደሚያነሳሳ፣ ወይም እንደሚያረጋጋ፣ በኤፕሪል 1993 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታይቷል። ተወዳጁ የትግል መሪ ክሪስ ሃኒ በቤታቸው ደጃፍ በነጭ ሰው ጥይት ተገደሉ፤ አገሪቱ ልትነድ ደረሰች። ፕሬዚዳንቱ ገና ዴ ክለርክ ነበሩ፤ በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡን የተማፀኑት ግን ማንዴላ ናቸው። ገዳዩ ነጭ መሆኑን አልሸሸጉም። ሆኖም ለፖሊስ ጠቁማ ያስያዘችው ሴት ነጭ፣ ያውም አፍሪካነር (ከደች ሰፋሪዎች የምትወለድ) መሆኗን አብረው ተናገሩ። ቁጣው እንዳለ ሆኖ፣ የነጭና የጥቁር ጠብ ሊሆን የነበረውን ነገር የገዳዮችና የሰላም ፈላጊዎች ጉዳይ አደረጉት። ግጭቱም ሞቱም ጨርሶ አልቀረም፤ አፓርታይድን ለማብቃት የተያዘው ድርድር ግን አልፈረሰም፣ በዓመቱም ምርጫው ተካሄደ።

ጋንዲ ደግሞ የመንግሥት ሹመት ኖሯቸው አያውቅም። በ1930 ከ78 ሰዎች ጋር በእግር ተነሥተው እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ሄዱና የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ሕግ የከለከለውን ጨው ከመሬት አነሱ። የጥሪው ብልሃት ድሃም፣ መሃይምም ሊደግመው የሚችል ሥራ መሆኑ ላይ ነው።

የጀርመኑ ምሁር ማክስ ዌበር «ካሪዝማ» ያሉት ኃይል ተከታዮች ካላመኑበት አይቆምም፤ በጎና ክፉንም አይለይም። አደባባይ መሙላት ሙሶሊኒም ችለውበታል። ስለዚህ የሕዝብ ብዛት ሳይሆን መሪው ተቃዋሚውን የሚይዝበት መንገድ የተሻለ መለኪያ ይመስላል። አብርሃም ሊንከን በ1860 ለፓርቲያቸው ዕጩነት የተፎካከሯቸውን ሰዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን ካቢኔያቸው ውስጥ አስገቡ። ቼዝ በእርስ በርሱ ጦርነት መሃል እንኳ የፕሬዚዳንቱን ወንበር ማማተራቸውን አልተዉም ነበር። ሊንከን ይህን እያወቁ፣ በ1864 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሟቸው።