አግድም ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ምንድን ነው?

አግድም ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሚባለው፣ በጥቂት ግዙፍ ምሰሶዎች ላይ ተቀምጦ ከመንገድ በላይ ወደ ጎን የሚዘረጋ የቢሮ ሕንፃ ነው። ሐሳቡን በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለሞስኮ ያቀረበው ሠዓሊና አርክቴክት ኤል ሊሲትስኪ ሲሆን፣ ዋና ዋና መንገዶች የመሀል ከተማውን ቀለበት ጎዳና በሚያቋርጡባቸው ቦታዎች ስምንት እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች እንዲቆሙ ነድፎ ነበር። ከመሬት 50 ሜትር ያህል ከፍ የሚለውን ባለ ሦስት ፎቅ አካል ሦስት ምሰሶዎች ይሸከሙታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ መሬት ውስጥ ዘልቆ፣ ያን ጊዜ ገና ከታሰበው የምድር ውስጥ ባቡር ጋር ይገናኛል። የሊሲትስኪ ክርክር ቀላል ነው፦ ሰው በተፈጥሮው የሚንቀሳቀሰው ወደ ጎን ስለሆነ ሥራውም በአግድም መካሄድ አለበት፤ መሬት ላይ ቦታ ሲጠፋ ወለሉ እንዳለ ከፍ ይላል እንጂ ቢሮው በግድ ግንብ መሆን የለበትም።

ይህ ቅርጽ አስቀድሞ በሸራ ላይ ተሞክሯል። ሠዓሊው ካዚሚር ማሌቪች በ1915 ለሕዝብ ባሳያቸው ሥዕሎች ካሬዎችና አራት ማዕዘኖች በነጭ መደብ ላይ ክብደት እንደሌላቸው ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ በቪቴብስክ ከተማ (በዛሬዋ ቤላሩስ) አብሮት ያስተማረው ሊሲትስኪም «ፕሮኡን» ባላቸው ሥራዎቹ ለእነዚህ ቅርጾች ውፍረትና ጥልቀት ሰጣቸው። ሕንፃው ከሥዕሉ የወሰደው ጌጥ ሳይሆን ከመሬት የመላቀቅን ሐሳብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግድግዳን በካሬዎች ከመቀባት የሚለየውም በዚህ ነው። ሸራ ግን ክብደት አይሸከምም። ከምሰሶው አልፎ የወጣ ወለል በረዘመ ቁጥር ምሰሶውን ለመገልበጥ የሚታገለው ኃይል ስለሚያድግ፣ ንድፉ ብዙ ብረትና ጥንቁቅ ስሌት ይጠይቃል።

የሊሲትስኪ ንድፍ አልተገነባም። ሐሳቡን በጉልህ የሚያስታውሰው፣ ጊዮርጊ ቻካቫና ዙራብ ጃላጋኒያ ለጆርጂያ የአውራ ጎዳና ግንባታ ሚኒስቴር ነድፈውት በ1975 ትብሊሲ ላይ የተጠናቀቀው፣ በኋላም የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ሕንፃ ነው፤ አግድም አካላቱ በገደላማ ቦታ ላይ ተነባብረው፣ ዛፎች ከሥራቸው እንዲያድጉ መሬቱን ለቀውለታል። ቻካቫ የዚያው ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ስለነበረ፣ ንድፉ ሳይሸራረፍ እንዲሠራ ይህ ሳይረዳው አልቀረም።

የመመረቂያ ሥራዋን በማሌቪች ላይ የመሠረተችው የአርክቴክት ዛሃ ሃዲድ «ዶሚኒየን» የቢሮ ሕንፃ፣ በ2015 በዚያው በሞስኮ የተጠናቀቀው፣ ከዚህ ይልቅ ቁጥብ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ፎቆቹ ብቻ አንዱ ከሌላው ትንሽ እየተንሸራተቱ ይደረደራሉ፤ ድፍረቱ ያለው ከውስጥ፣ ጥቁርና ነጭ ደረጃዎች በሚያቋርጡት ክፍት አዳራሽ ውስጥ ነው።