«አሳታፊ ተግባቦት» ሲባል ምን ማለት ነው?

የገጠር ሴቶችን ስለማብቃት በሚወጣ ሪፖርት ሁሉ «አሳታፊ ተግባቦት» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ብዙ ሰው ሴቶችን ሰብስቦ መልእክት ማስተላለፍ ይመስለዋል። እሱ ግን ገለጻ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ በቃ።

አሳታፊ የሚሆነው አጀንዳውን ሴቶቹ ራሳቸው ሲያወጡት ነው። ስንት ሴት ተገኘች ብሎ መቁጠር ብዙም አይነግረንም (ለሪፖርት ግን ይመቻል!)። ስብሰባው ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት ተጠርቶ፣ የመጣችውም ከኋላ ተቀምጣ ልጅ ስታባብል ከዋለች፣ ስሟ መዝገብ ላይ ሰፈረ እንጂ ድምጿ አልተሰማም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የሚደግፋቸው የዲሚትራ ክበቦች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ኒጀርንና ዲሞክራቲክ ኮንጎን በመሳሰሉ አገሮች ሴቶች፣ ወንዶችና ወጣቶች በፈቃዳቸው ክበብ ያቋቁማሉ። የሚወያዩበትን ችግር ራሳቸው ይመርጣሉ። መፍትሔውንም መጀመሪያ በእጃቸው ባለው አቅም ይፈልጋሉ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ደግሞ የአንዱን መንደር ውይይት ለሌላው ያደርሳል።

ዘፈኑ፣ ተረቱ፣ የውሃ ዳር ወጉም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ማንበብ የማትችል ሴትም ሐሳቧን ትገልጽበታለች። ግን ባህላዊ ስለሆነ ብቻ ለሴት ይመቻል ማለት አይደለም። ሽማግሌዎች ብቻ የሚናገሩበት ሸንጎም እኮ ባህላዊ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ይናገራል፣ የተናገረችውስ ውሳኔው ላይ ይታያል ወይ የሚለው ነው።