የጀልባ ዚንክ ለምን ቀለም አይቀባም?

በባሕር ዳር ከተማ የብረት ጀልባ የሚያሠሩ ሰዎችን ደጋግሞ ግራ የሚያጋባ አንድ ደንብ አለ፦ ከውኃው በታች ያለው የጀልባው አካል በሙሉ ቀለም ሲቀባ፣ ላዩ ላይ የታሰረው የዚንክ ቁራጭ ግን ፈጽሞ እንዳይቀባ ይታዘዛል። ይህ ቁራጭ አኖድ ይባላል፤ ሥራውም በጀልባው ፈንታ መበላት ነው።

ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት ተነካክተው ውኃ ውስጥ ሲገቡ በመካከላቸው ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈጠር፣ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቀው እየሟሟ ሌላውን ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ ከመበላት ለማዳን የተጠቀመው በዚሁ መንገድ ነበር። አኖዱ ቀለም ከተቀባ ከውኃው ጋር አይገናኝም፤ ከሥሩ ቀለም ካለ ደግሞ የጀልባውን ብረት አይነካም። በሁለቱም ሥራው ይቆማል።

ለጣና ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንን ይመስለኛል። ዚንክ በሚገባ የሚሠራው በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ባለው የባሕር ውኃ ነው። የጣና ውኃ ጨዋማ ባለመሆኑ ጅረቱን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ዚንኩም ነጣ ያለ ቅርፊት አውጥቶ ይደነዝዛል። ዚንኩ ሳይበላ መክረሙን አይቶ «ጀልባዬ ደኅና ነው» ማለት አደገኛ ነው፤ በብየዳው አጠገብ ዝገቱ ብረቱን እየሰረሰረው ሊሆን ይችላልና። ለእንዲህ ያለው ውኃ የበለጠ ኃይል ያለው ማግኒዥየም ይመረጣል፤ ያው ማግኒዥየም ጂቡቲ ቢወሰድ በጨዋማው ውኃ ቶሎ ያልቃል። አኖዱ ግማሽ ያህሉ ሲበላም፣ ፈጽሞ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በአዲስ መተካት አለበት።